ከቆጠራ ባሻገር፦ የሕፃናት መጻሕፍትና የመምህሩ ምርጫ በአሜሪካ

ለሕፃናት የሚሆን መጽሐፍ እንዲመርጥ የተጠየቀ ዕጩ መምህር አስቀድሞ የሚያየው የሥዕሉን ውበትና የቃላቱን ቅለት ነው። መጽሐፉ ማንን እንደሚያሳይ፣ ማንንስ እንደሌለ ቆጥሮ እንደሚያልፍ የመጠየቁ ጉዳይ ግን በዩናይትድ ስቴትስ የራሱ የሆነ ረጅም ታሪክ አለው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1920 ዱ ቦይስና ጄሲ ፎሴት ለጥቁር ሕፃናት «ዘ ብራውኒስ ቡክ» የተሰኘ ወርኃዊ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። ወጣቱ ላንግስተን ሂዩዝ ከመጀመሪያዎቹ ግጥሞቹ አንዳንዶቹን ያሳተመው በዚሁ ነው። መጽሔቱ ከ24 እትሞች በኋላ በ1921 መጨረሻ ተቋረጠ።

በ1965 የንባብ ትምህርት ባለሙያዋ ናንሲ ላሪክ «ሳተርዴይ ሪቪው» ላይ ያወጡት ጽሑፍ የአሳታሚዎቹን ገመና አደባባይ አወጣ። ለጥናቱ መነሻ የሆነው፣ አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ በመጻሕፍቱ የሚታዩት ሰዎች ሁልጊዜ ነጮች የሆኑበትን ምክንያት መጠየቋ ነበር። 63 አሳታሚዎች ከ1962 እስከ 1964 ካወጧቸው 5,206 መጻሕፍት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው 349፣ ማለትም 6.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ታሪካቸው የሚፈጸመው ወይ ከአሜሪካ ውጭ ወይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። በሥዕል ዳር ብቅ ያለች አንዲት ፊት እንኳ ተቆጥራለች!

ይሁን እንጂ ቁጥር መገኘትን እንጂ አቀራረብን አያሳይም። ይህን ጉድለት የሞሉት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ናቸው። በ1982 ባሳተሙት ጥናት ከ1965 እስከ 1979 የወጡ 150 ልብ ወለዶችን መርምረው በሦስት መደቧቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥቁሩን ልጅ የነጩን አንባቢ ርኅራኄ መቀስቀሻ ያደርጉታል። ሁለተኞቹ ቆዳውን በሥዕል አሳይተው ባህሉን በዝምታ ያልፉታል። ሦስተኞቹ ከቤተሰቡ፣ ከአነጋገሩና ከሰፈሩ ውስጥ ሆነው ይተርካሉ።

በእኔ አስተያየት ለዕጩ መምህር አስቸጋሪው ሁለተኛው ምድብ ነው፤ ቆጠራውን ያለ እንከን ያልፋልና። የኤዝራ ጃክ ኪትስ «ዘ ስኖዊ ዴይ» (1962) በበረዶ የሚጫወተውን ትንሹን ፒተርን በሥዕሉ ጥቁር አድርጎ ያቀርባል፤ ጽሑፉ ግን ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ይህ ሽሽት ነው ወይስ ልጅን እንደ ማንኛውም ልጅ ማየት? ሠልጣኞች ቢከራከሩበት ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ቢሾፕ በ1990 መጽሐፍን በመስተዋት፣ በመስኮትና በበር መሰሉት። ራሱን በመስተዋት ያላየ ልጅ ዋጋ ቢስነት እንደሚሰማው ገለጹ፤ መስተዋት ብቻ የተሰጠው የነጭ ልጅም ስለ ራሱ የተጋነነ ግምት ይዞ እንደሚያድግ ጨምረው አመለከቱ።