ቪቫ፣ ኦሃላ እና የታገደው ቋንቋ

«ቪቫ!» የሚለውን ያልሰማ የለም። ብዙዎቻችን እንደ እልልታ ያለ የደስታ ጩኸት ይመስለናል። ነገሩ ግን ግስ ነው። በስፓኒሽ «ቪቬ» ማለት «ይኖራል»፣ «ቪቫ» ማለት ደግሞ «ይኑር» ነው። (እነሱ እንኳን «ቢባ» ነው የሚሉት፤ እኛ በለመድነው እንቀጥል።) ልዩነቱ የአንድ አናባቢ ነው፤ የእኛ «ኖ» ወደ «ኑ» እንደሚዞረው።

ሰዋስዋቸው ሱብሁንቲቮ ይለዋል። የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማው «ይኼማ የኛ ዘንድ አንቀጽ ነው» ባለ ነበር። መደበኛ ግስ ላይ አይከብድም። «አብሎ» (እናገራለሁ) ከሚለው የመጨረሻዋን «ኦ» ጥሎ «ኤ» መተካት ነው፦ አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌይስ፣ አብሌን። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚጨርሱት በተቃራኒው «አ» ይወስዳሉ፤ «ኮሞ» (እበላለሁ) «ኮማ» ይሆናል። ልውውጡ ከላቲን የተወረሰ ነው። ኩባ ተምረው የተመለሱ ታላላቆቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል።

ሥራው ገና ያልሆነውን ነገር መናገር ነው፤ ምኞትን፣ ጥርጣሬን፣ ትእዛዝን። «ኪዬሮ ኬ አብሌስ» ሲሉ «እንድትናገር እፈልጋለሁ» ማለታቸው ነው። ትናገር አትናገር ገና አልታወቀም። ለሚያከብሩት ሰው ደግሞ «አብሌ ኡስቴድ» ይላሉ። «ኡስቴድ» ድሮ «ቸርነትዎ» እንደማለት ነበርና ግሱ እንደ ሩቅ ሰው ይረባል። እኛስ ትልቅ ሰውን «ተናገር» ትተን «ይናገሩ» አይደል የምንለው?

አሁን ወደ ታሪኩ። እ.ኤ.አ. በ1492 ጥር ወር የመጨረሻዋ የሙስሊም ግዛት ግራናዳ በንግሥት ኢዛቤላና በንጉሥ ፈርናንዶ እጅ ወደቀች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የካስቲሊያን ቋንቋ ሰዋስው ሳላማንካ ላይ አሳትሞ ለንግሥቲቱ አበረከተላት፤ በመግቢያውም ቋንቋ የመንግሥት ኃይል ባልንጀራ መሆኑን አስረዳት። ግስ ማርባትን ከዘውድ ጋር ያቆራኘ መጽሐፍ ነው። ባልንጀርነቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1567 ዳግማዊ ፊሊፕ በግራናዳ ዐረብኛ መናገርንም መጻፍንም የሚከለክል አዋጅ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ አመፅ ተነሣ፣ በደምም ተደፈቀ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ ሞሪስኮ የሚባሉት የሙስሊሞቹ ዘሮች ከመላ ስፔን ተባረሩ፤ ወደ 300,000 ገደማ ሰው።

አንዲት ቃል ግን ቀረች፦ «ኦሃላ»። ሥሯ ዐረብኛ ነው፣ «አላህ ከፈቀደ» ከሚለው የመጣች። ዛሬ ከግራናዳ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ልጁ ከሕመሙ እንዲነሣለት የሚመኝ ወላጅ አፉን የሚከፍተው በዚህች በታገደው ቋንቋ ቃል ነው። «ኦሃላ ቪቫ» ይላል፤ ምነው በኖረልኝ።