በእጅ የያዙት ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል የሀገራችን ሰው ሲተርት። ይህ ተረት በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ካልጉርሊ በምትባል ከተማ፣ በእውነት ተፈጽሟል።

አስቀድሞ ወርቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ እንመልከት። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከዛሬ 2,700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት እየፈሰሰ ይረጋ ነበር፤ ሌላውም ወደ ላይ ሳይወጣ በንጣፎቹ መካከል ገብቶ ጠጠረ። ከዚያ በኋላ አለቱ ተቀበረ፤ ታጠፈ፤ ተሰነጠቀ። በስንጥቁም ወርቅና ድኝ የሟሙበት ፍል ውሃ ከጥልቅ ምድር ወጣ። ወርቁን በውሃው ውስጥ ይዞት የነበረው ድኙ ነው። ነገር ግን አለቱ ብረት የበዛበት ስለ ሆነ፣ ድኙ ወርቁን ትቶ ከብረቱ ጋራ ተዋሐደ፤ ወርቁም ተሸካሚ አጥቶ በዚያው ቀረ።

በ1893 እ.ኤ.አ. ፓትሪክ ሐናን የተባለ አየርላንዳዊ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ በዚህ ስፍራ ወርቅ አገኘ፤ ሰውም ከየአገሩ ጎረፈ። ቆፋሪዎቹ የሚያውቁት ግን ቢጫውን ወርቅ ብቻ ነበር። በካልጉርሊ ከወርቁ ከፊሉ ቴሉሪየም ከሚባል ንጥረ ነገር ጋራ ተዋሕዶ መልኩን ስለ ለወጠ፣ ድንጋዩን ከንቱ ነው ብለው ጣሉት፤ የመንገድ ጉድጓድም ሞሉበት። በ1896 እ.ኤ.አ. ምንነቱ በታወቀ ጊዜ፣ የረገጡትን ድንጋይ ከመንገዱ እየቆፈሩ መልሰው ወሰዱት።

በበረሃው ከወርቅ ይልቅ ውሃ ውድ ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይጠጣባቸው የነበሩትን የውሃ ጉድጓዶች መጤዎቹ ወሰዱበት፤ በየሰፈሩም የአንጀት ተስቦ ብዙ ሰው ፈጀ። ኦኮነር የተባለው መሐንዲስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ውሃ በቧንቧ ለማምጣት ሥራ ሲጀምር፣ ብዙዎች አይሆንም ብለው ነቀፉት። ነቀፌታው ስለ ከበደበት በ1902 እ.ኤ.አ. ራሱን ገደለ። ከአሥር ወር በኋላ፣ በ1903 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ውሃው ካልጉርሊ ደረሰ። እንግዲህ ሰዎቹ ከመዳብ የቆጠሩት ድንጋዩን ብቻ አልነበረም፤ ሰውንም ጭምር ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዶላ ወርቅም እሳተ ገሞራና ደለል ከፈጠሯቸው፣ በሙቀትና በግፊት ከተለወጡ ጥንታውያን አለቶች መካከል ይገኛል፤ ዕድሜያቸው ግን ከካልጉርሊው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የምንረግጠውን ድንጋይ መርምረን እንወቀው። በመካከላችን ያለውንም አዋቂ፣ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ፣ በትዕግሥት እንስማው። ካለፈ በኋላ ሐውልት ማቆም ቀላል ነው፤ በሕይወት ሳለ ማክበር ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።