በአምስቱ ዓመት የታጠፈው ቃል

በኢትዮጵያ የጥንት ልማድ የሸፈተ ሰው ሽማግሌ ልኮ፥ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ በጌታው እግር ሥር ሲወድቅ፥ ጌታውም «ምሬሃለሁ» ካለው በኋላ ደሙን ማፍሰስ ነውር ነበረ። ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ ተጠብቋል ማለት አይደለም፤ ምረናል ብለው በማግስቱ ያሰሩም አልጠፉም። ነገር ግን ሽፍትነት መመለሻ በር ያለው መሆኑን ሁሉ ያውቅ ስለ ነበረ፥ ዱር ያደረ ሰው ልቡ በደከመ ጊዜ ወደዚያ በር ይመለከት ነበረ። የኢጣልያ ሹማምንት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዙበት ዘመን ይህን በር በገዛ እጃቸው ዘጉት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከአገሩ ብዙው ክፍል ገና የጠላት እግር ያልረገጠው ነበረ። ሆኖም ሙሶሊኒ ጦርነቱ ተፈጸመ ብሎ ስላወጀ፥ ከዚያ ወዲያ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሁሉ ወታደር መባሉ ቀርቶ ዐመፀኛ ተባለ። በግንቦትም መጨረሻ በቴሌግራም የመጣው ትእዛዝ የተያዘው ዐመፀኛ ሁሉ ይረሸን የሚል ነበረ። የስም መለወጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም ምክንያት ምርኮኛ የሚባል ሰው እንዳይኖር ሆነ።

የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከዘመቱት መኳንንት ነበሩ። ዘመቻው ሳይሳካ ቀርቶ ሰላሌ ውስጥ በተጨነቁ ጊዜ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተሰጣቸው። እነርሱም ቃሉን አምነው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ገቡ፤ ወዲያውም ተገደሉ። የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ግን የባላቸውን ሞት ከሰሙ በኋላ እጅ ሳይሰጡ ጦር እየመሩ ተዋጉ።

በዚያው ወር ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ ሕይወታቸው ተጠብቆ ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ስለዚህ ጠላት ከቶ ሰው አልማረም ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን አንዱ ሲማር ሌላው ሲረሸን የሚያይ ሰው፥ ዕጣው ከየትኛው ጋር እንደሚወድቅ በምን ያውቃል? ራስ ደስታ ዳምጠውም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ።

የየካቲት 12ን እልቂት የማያውቅ የለም፤ መዘርዘሩ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን ቍጣው ጠመንጃ ወዳልያዙት ዞረ። ግራዚያኒ ስለሚመጣው ነገር ይናገራሉ ብሎ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን አስፈጀ፤ በግንቦትም ጄኔራል ማሌቲን ወደ ደብረ ሊባኖስ ሰደደ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው የሟቾች ቍጥር 449 ሲሆን፥ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከ1000 በላይ ያደርሰዋል። መነኵሴው በበዓቱ፥ ዲያቆኑ በትምህርቱ ሳለ ከተገደለ፥ በሰላም መቀመጥ ከሞት እንደማያድን ለገበሬው ሁሉ ታወቀ።

ጎጃም በመጀመሪያው ዓመት ከሸዋ ይልቅ ጸጥ ያለ አገር ነበረ። ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ በተገደደ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ወሬ ደርሶት ነበርና፥ መሣሪያ ማስረከብ ራስን አሳልፎ መስጠት መሰለው። በ1929 መጨረሻና በ1930 ዓ.ም. እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ በላይ ዘለቀም ተነሡ። ጠላት በደብረ ማርቆስ፥ በቡሬና በዳንግላ ምሽግ ሠራ፤ አውሮፕላንም ነበረው። ነገር ግን ከምሽጉ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው አገር በአርበኛው እጅ ነበረ።

አርበኛውም መልአክ አልነበረም። ከገበሬው ጎተራ ይበላ ነበረ፤ አለቆቹም ስለ ሹመትና ስለ ግዛት እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበረ። ርኃቡ፥ የጥይት እጦቱ፥ የቤተ ሰብ ናፍቆቱ ብዙውን ሊመልሰው ይችል ነበረ። የሚመለስበት ግን አልነበረም።

በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. የአዎስታ መስፍን ግራዚያኒን ተክቶ መጣ። አገዛዙን በለዘበ መንገድ ሊያካሂድ ፈለገ፤ ምሕረትም ይሰጥ ጀመር። ዳሩ ግን በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ ባላገሩ አመጸኛ ዋሻ በሚለው በዘረት ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉት የራስ አበበ አረጋይ ወገኖች፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ በመርዝ ጭስ ተመቱ፤ እጃቸውን ሰጥተው ከወጡትም ወንዶቹ ተረሸኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሸዋው ገዥ ጄኔራል ናሲ ለራስ አበበ የእርቅ መልእክት ላከ። ራስ አበበም እንቢም እሺም ሳይሉ ድርድሩን አራዘሙ፤ በዚያም መካከል ጦራቸው ዐረፈ። ነገሩ በ1932 ዓ.ም. ሲፈርስ ራስ አበበ በዱራቸው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. የአዎስታ መስፍን በአምባ አላጌ ተከበበ። በተራራው ዙሪያ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የኢትዮጵያ አርበኞች ነበሩ። መስፍኑ በስምምነት እጁን ሰጠ፤ ወታደሮቹም በክብር ሰልፍ ፊት አልፈው መሣሪያቸውን አስረከቡ። የተሰጠው ቃል ተጠብቆለት ወደ ናይሮቢ ተወሰደ፤ በዚያም በ1934 ዓ.ም. በሕመም ሞተ።