የሞተር ክትትል (በግል በሚሠራ ቀላል አውሮፕላን)

የሞተር ክትትል፦ የሞተርን ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የዙር ፍጥነት ለአብራሪው የሚያሳይ የመለኪያና የሽቦ ሥርዓት።

በኢትዮጵያ አስመላሽ ዘፈሩ በግሉ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ ያወጣት ኬ-570ኤ አውሮፕላን የቮልስዋገን መኪና ሞተር ተገጥሞላት ነበር። ይህ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ የቴስታታው ሙቀት በንቃት ሊጠበቅ ይገባል።

ሙቀቱን ከካንዴላው ሥር የሚታሰር ቀለበት ይለካል። ከቀለበቱ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ከተለያየ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ መጋጠሚያቸው ሲግል አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሽቦው አጥሮ በተራ መዳብ ከተቀጠለ ንባቡ ሊሳሳት ይችላል። የእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ኃይል መስመር ፊውዝ ደግሞ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው።

እንደ አጋርፋና ሮቤ ባሉ የባሌ ደጋዎች ክትትሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የነዳጅና የአየር ድብልቁም መስተካከል አለበት።