«ትርፍ» የተባሉት ሴቶችና የሚስ ማርፕል ምስክርነት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የእንግሊዝ የወንጀል ልቦለድ አንዲትን ያላገባች ባልቴት መርማሪ አድርጎ የሾመው ስለ ምንድን ነው? መልሱን በማኅበራዊ ታሪክ ውስጥ እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1921 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች በ1.7 ሚሊዮን ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። ጋዜጦችም ስለ «ትርፍ ሴቶች» በሰፊው ጻፉ። ልዩነቱን ጦርነቱ ብቻውን አልፈጠረውም፤ በ1911 ቆጠራም ከአንድ ሚሊዮን ያልፍ ነበር። ስያሜው ግን በጦር ሜዳ በወደቁት ወጣቶች ሐዘን ላይ ተደርቦ መረረ። ሴት ለጋብቻ ብቻ እንደተፈጠረች ካልታሰበ በቀር ትርፍ ልትባል አትችልምና፣ ስያሜው ራሱ ፍርድ ነበር።

ሕጉ በበኩሉ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ነበር። በ1918 ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላና የንብረት መመዘኛውን ያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። በ1919 የወጣው ሕግ ለጥብቅናና ለአካባቢ ዳኝነት በር ከፈተላቸው፤ በ1928 ደግሞ እንደ ወንዶች በ21 ዓመታቸው መራጮች ሆኑ። ይሁን እንጂ በመምህርነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድደው ደንብ በብዙ ስፍራ ጸንቶ ቆየ። ያገባችው ከሥራዋ ትሰናበታለች፤ ያላገባችው ቆሞ ቀር ትባላለች።

አጋታ ክሪስቲ ሚስ ጄን ማርፕልን ያስተዋወቀችን በዚህ ዘመን፣ በ1927 መጨረሻ በመጽሔት በታተመ አጭር ልቦለድ ነው። በ1930 «ግድያ በቄሱ መኖሪያ» በተባለው መጽሐፍ ሙሉ ቦታዋን አገኘች። በዚህ መጽሐፍ ኮሎኔል ፕሮዘሮ በቄሱ የጥናት ክፍል ተገድሎ ይገኛል። ኢንስፔክተር ስላክ ባልቴቶቹን ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ማርፕል ግን አትክልቷን ስትኮተኩት መንገዱን ታያለች፤ የሟቹ ሚስት ወደ ቄሱ ቤት ስታልፍ የእጅ ቦርሳ እንዳልያዘች፣ ልብሷም ሽጉጥ የሚደብቅ እንዳልነበረ አስተውላለች።

የነገሩ ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው። ገዳዮቹ የማርፕልን አስተዋይነት ከፖሊስ አስቀድመው ስላወቁ፣ ሤራቸውን የገነቡት በእርሷው ምስክርነት ላይ ነበር፤ ሽጉጡ ቀደም ብሎ በቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ እውነቱ የሚገኘው ማርፕል በዐይኗ ያየችውን መልሳ ስትመረምር ነው። ፖሊሱ ሐሜት ብሎ የሚንቀውን እርሷ እንዳለ አትቀበለውም፤ ከምታውቀው የሰው ጠባይ ጋር ታመዛዝነዋለች። ይህ የታሪክ ባለሙያም ሥራ ነው።

ክሪስቲ በዚህ ብቸኛ አልነበረችም። አሜሪካዊቷ አና ካትሪን ግሪን በ1897 ያላገባችውን አሚሊያ ባተርወርዝን መርማሪ አድርጋ ጽፋለች። ዶሮቲ ሴየርስም በ1927 ሚስ ክሊምሰንን ፈጠረች፤ ይህች ሴት ፖሊስ ሊጠይቅ የማይችለውን በሻይ ግብዣ ላይ እንድትጠይቅ በደመወዝ የተቀጠረች ናት። የተናቀው ዕውቀት ዋጋ ተቈረጠለት ማለት ነው።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ መንደሩ ራሱ ተለወጠ። በ1950 በታተመው ልቦለድ ማርፕል ይህንኑ ታስተውላለች። ቀድሞ እንግዳ ሰው የሚያውቁት ወዳጆች በጻፉለት ደብዳቤ ይታመን ነበር፤ አሁን ማንነቱ የሚመሰከረው በመታወቂያና በራሽን ደብተር ነው። ወረቀት ደግሞ ሊዋስ ይችላል። በ1939 የተጀመረው የብሪታንያ መታወቂያ በ1952 ተሰረዘ፤ ልቦለዱ የዚያን አጭር ዘመን ጥርጣሬ ጠብቆ አቆይቶልናል።

ሆኖም ይህ ዐይን ሁሉን እኩል አያይም። የማርፕል ዕውቀት በቤት ሠራተኞች ጉልበትና ወሬ ላይ የቆመ ነው። በ1953 በታተመው ልቦለድ የምትገደለው ግላዲስ፣ ማርፕል ለቤት ሥራ ያሠለጠነቻት የማደጎ ቤት ልጅ ናት። ባልቴቷ ለእርሷ ስትል ተቈጥታ ትነሣለች፤ የግላዲስ የራሷ ቃል ግን የሚሰማው ነገሩ ሁሉ ካበቃ በኋላ በደረሰ ደብዳቤ ነው። «ትርፍ» የተባለችው ሴት ተደማጭነት ስታገኝ እንኳ ከእርሷ በታች ያለችው ተራዋን ትጠብቅ ነበር። የዚያን ዘመን ታሪክ ስንጽፍ ሁለቱንም ልንሰማቸው ይገባል።