በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
ከሐይቅ ብራና እስከ ወሎ ሰፈር ደብተር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ሕዝቡ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ያልተነገረ ሁኔታ በውስጡ ይዟል። ይኸውም ጽሑፍ የሚወረሰው የተጻፈበት ነገር ጸሐፊውን በዕድሜ የበለጠው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሐሳብ ቢጠልቅ፣ ቃል ቢሰምር፣ የእጅ ጽሑፍም ቢያምር፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከተፈረፈረ ወይም ቀለሙ በብርሃን ተመጥጦ ከጠፋ ወራሹ የሚረከበው ባዶ ገጽ ነው። ስለዚህ ደብተርና ቀለም መምረጥ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ በቦሌ መንገድ የሚገኘው ወሎ ሰፈር የአንድ ሰፊ አገር ስም ተሸክሞ ይኖራል። ዛሬ ሰፈሩ የአስፋልትና የፎቅ ሰፈር ነው፤ ወደ ጎተራ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ከቦሌ መንገድ ጋር የሚገናኘውም እዚያው ነው። ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ ደብተር የሚያገላብጥ መምህር የሰፈሩ ስም ለያዘው ዕቃ ምን ያህል ቅርብ መሆኑን ላያስታውስ ይችላል። ወሎ ግን በኢትዮጵያ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ብራናና ወረቀት ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎም ይነበባል። ይህ ዕድሜ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ የእጅ ሠራተኞች ትዕግሥትና ዕውቀት ውጤት ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ለቀናት በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይነሣል፤ በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል። ከዚያም ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ እየበሳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ቅጠሎቹ በክር ተሰፍተው ከእንጨት ገበታ ጋር ይያያዛሉ፤ ገበታው በቆዳ ይለበጣል፤ መጽሐፉም በማኅደር ውስጥ ይንጠለጠላል። ከማሰሪያው አንድ ክር ቢበጠስ ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል። ይህ የማይናቅ ጥበብ ነው፤ ሊጠገን የሚችል መጽሐፍ ሊወረስ የሚችል መጽሐፍ ነውና።

የቀለሙም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥቁሩ ቀለም መሠረቱ ከማጀት የሚገኘው ጥላሸት ሲሆን፣ የተቆላ እህልና ሙጫ ተጨምሮበት ለወራት ሲብላላ ይቆያል። ቀዩ ቀለም ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ጸሐፊው የመቃ ብርዑን ከቀንድ በተሠራው ቀለም መያዣ ውስጥ እያጠቀሰ ይጽፋል። ጥላሸት ከሰል ነው፤ ከሰልም ብርሃን አያደበዝዘውም፣ የተጻፈበትንም አይበላም። በአንጻሩ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራበት፣ ከብረት ጨውና ከዛፍ ዕባጭ የሚዘጋጀው ቀለም አሲድ ስላለው ብዙ ሰነዶችን ከጊዜ ብዛት እየበሳሳ ጎድቷል። በድኻ ማጀት ምጣድ ሥር የተጠራቀመው ጥላሸት በዚህ ረገድ ከብዙ የቤተ መንግሥት ቀለም ይበልጥ ታማኝ ሆኖ ተገኝቷል።

ከብራናው ጎን ወረቀትም ነበረ። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ሊቃውንት በዐረብኛ፣ እንዲሁም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ጽፈዋል። በዐጀሚ አማርኛ መንዙማዎቻቸው የታወቁት ሼህ ጠልሐ ጃዕፈር ለዚህ ምስክር ናቸው። የኢትዮጵያ የእስልምና ጽሑፎች በአብዛኛው በባሕር ከመጣ ወረቀት ላይ የሰፈሩ ሲሆኑ፣ ከዚህ ወረቀት አንዳንዱ ወደ ብርሃን ሲያዩበት የሦስት ጨረቃ ምልክት ይታይበታል። የጥንቱ የእጅ ወረቀት ከተልባ እግርና ከጥጥ ጨርቅ ቃጫ ይሠራ ስለ ነበር፣ ፊቱም በእንስሳት ሙጫ ይቀባ ስለ ነበር፣ ቀለምን በወጉ ተቀብሎ ለብዙ ዘመን ይቆያል።

ቃሎቹ ራሳቸው ይህን ዝምድና ይመሰክራሉ። «ብራና» ሥሩ ስስ ቆዳ ከሚለው የላቲን «ሜምብራና» ነው። «ደብተር» ደግሞ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ቆዳ ማለት የሆነው የግሪክ «ዲፍቴራ» ነው። እንግዲህ ዛሬ ተማሪው ደብተር ሲል ሳያውቀው ቆዳ ማለቱ ነው።

ወሎ የጽሑፍን ጥንካሬ በመከራም አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ መድኃኔዓለም ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘረፉ። በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ተራራ ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ብራናው ይህን ሁሉ ቻለ። የጠፋው ጽሑፉ ሳይሆን ወራሹ ከውርሱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዘላቂነት ከቁሱ ብቻ አይመጣም፤ የሚጠብቀውን ሕዝብና ቤቱንም ይጠይቃል።

ዘመነ ማተሚያ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በአዲስ አበባ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ጽሑፍ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ለብዙዎች የሚዳረስበት በር ሰፋ። ነገር ግን ዓለም በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ወረቀት የጨርቅ ወረቀት አልነበረም። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ይሠራ ነበር፤ ቀለም እንዳይዘረጋበትም በዛፍ ሙጫና በሻብ ይታከም ነበር። ይህ ወረቀት ርካሽና ብዙ ሆነ፤ በውስጡ የቀረው የእንጨት ቅመምና አሲድ ግን ቃጫውን ቀስ በቀስ ቆራረጠው። የሐይቁ ወንጌል ሰባት መቶ ዓመት ሲሻገር፣ ጋዜጣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በጣት መካከል የሚሰባበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለም የሚሞላው ብዕርም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። አሜሪካዊው ዋተርማን በ1884 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ካገኘበት በኋላ፣ ብልቃጥና ቀንድ ሳይከተሉት የሚጽፍ ብዕር በዓለም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ አዲሱ ብዕር አሮጌውን ቀለም አይወድም። ጥላሸትና ሙጫ ያለው ቀለም በቀጭኑ ቦይ ውስጥ ደርቆ ይዘጋዋል። በመሆኑም የብልቃጡ ቀለም በአብዛኛው በውኃ የሟሟ ማቅለሚያ ሆነ፤ በቀላሉ ይፈስሳል፣ ነገር ግን ውኃ ሲነካው ይታጠባል፣ ፀሐይ ሲመታው ይገረጣል። በጃፓን የሚሠሩ፣ ከሰሉ እጅግ የላመ ቀለሞች ይህን ችግር ያቃልላሉ፤ ብዕሩ ግን ሳይደርቅበት ዘወትር መጻፍና በየጊዜው መታጠብ አለበት።

ደብተር የሰፊው ሕዝብ ዕቃ የሆነው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተስፋፍቶ፣ እስከዚያ ቀን ብርዕ ያልጨበጠ ገበሬና የቤት እመቤት ስማቸውን በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ አድርጓል። የእነዚያ ደብተሮች ዕጣ ምን ሆነ? ብዙዎቹ በስስ ወረቀት የተሠሩ፣ በሽቦ የተያዙ፣ ለጥቂት ወራት የታሰቡ ነበሩ። የሐይቁ ወንጌል ሲኖር፣ የአንዲት እናት የመጀመሪያ ፊደል ግን ብዙውን ጊዜ ከሽቦው ዝገት ጋር አብሮ ጠፋ። ታሪክ የመኳንንትና የመነኮሳት ብቻ መስሎ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዘላቂ ወረቀት ያገኘ ይታወሳል፤ ያላገኘ ይረሳል።

ወረቀት ለተነፈገው ሰው ደግሞ ማንኛውም ወረቀት ደብተር ሊሆን ይችላል። ገጣሚና ደራሲ ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ የተረጐመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ሥራው ከእስር ቤት ወጥቶ በመጽሐፍ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ። ይህ ታሪክ ወረቀት አያስፈልግም አይልም፤ የሰው ልጅ ለቃሉ ማረፊያ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። ነጻ ሆኖ የሚመርጥ ጸሐፊ በደንብ የመምረጥ ግዴታ ያለበትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ በወሎ ሰፈርም ሆነ በሌላ ቦታ ቀለም በሚሞላ ብዕር የሚጽፍ ሰው ደብተር ሲመርጥ ምን ይመልከት? ከሁሉ በፊት ማሰሪያውን ይመልከት፤ በክር የተሰፋ ደብተር ተዘርግቶ ይተኛል፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ግን ከጊዜ በኋላ ቅጠሉን ይጥላል። ቀጥሎ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ። የ«ሠ»ና የ«ጨ» እግሮች ጠርዛቸው ሳይበታተን ከቆመ፣ በጀርባውም ቀለሙ ካልወጣ፣ ወረቀቱ በሚገባ ታክሟል ማለት ነው። ውፍረት ብቻውን አያታልለው፤ በጃፓን የተሠራው 52 ግራም የቶሞዬ ሪቨር ወረቀት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ሳለ ቀለምን ከብዙ ወፍራም ወረቀት አብልጦ ይዟል። በመጨረሻም ወረቀቱ ከአሲድ ነጻ መሆኑን ይጠይቅ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ 9706 ዘላቂ ወረቀት የእንጨት ቅመሙ የተወገደለትና ቢያንስ ሁለት በመቶ የኖራ ዓይነት መጠባበቂያ ያለው እንዲሆን ያዛል። ኖራው ወደፊት የሚፈጠረውን አሲድ እየተቀበለ ያረክሳል።

እንዲህ ያለው ደብተር ዋጋው ከፍ ይላል፤ የመምህር ደመወዝም የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር በአንድ ዓይነት ወረቀት መጻፍ አያስፈልግም። የዕለት ሒሳብ በርካሹ ደብተር ይጻፍ። የአያት ትረካ፣ የተውኔቱ የመጨረሻ ቅጂ፣ የመንደሩ ታሪክ ግን በክር በተሰፋው ይስፈር፤ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የሐይቁ ጸሐፊ ለመልእክት ማስታወሻና ለወንጌል እኩል ቆዳ አልፋቀም ይሆናል። የትኛው ቃል ለልጅ ልጅ መድረስ እንዳለበት ግን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ለዚያም ቃል ወስፌውን አንሥቶ መስመሩን ያሰምር ነበር።