ርካሹ መርከብ የትኛው ነው? የባሕር ጭነት ምርጫ ታሪክ ከብሩክሊን እስከ ሞጆ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ብዙ ዕቃ ያለው ነጋዴ በየትኛው የመርከብ አገልግሎት ቢልክ ያዋጣዋል የሚለው ጥያቄ ለሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ለታሪክ ሰው የሚቀርብ አይመስልም። እኔ ግን ጥያቄው ታሪካዊ ነው እላለሁ። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የተለዋወጠበትም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባሕሩ ላይ ሳይሆን የብሱ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነጋዴው በዋናነት ሁለት ምርጫ ነበረው። ስንዴ ወይም የድንጋይ ከሰል በብዛት የሚልክ ከሆነ መርከቡን በሙሉ ይከራያል። የዚህ ኪራይ ትልቁ ገበያ ለንደን ነበር፤ ዛሬ ባልቲክ ኤክስቼንጅ የሚባለው ተቋም የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥረው ከ1744 ጀምሮ ነጋዴዎችና የመርከብ አዛዦች ይገናኙበት ከነበረ ቡና ቤት ነው። ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ይህ ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። ሁለተኛው ምርጫ በተወሰነ መስመርና በተወሰነ ቀን በሚመላለስ መርከብ ላይ ቦታ መግዛት ነበር። ይህኛው በቶን ሲሰላ ይወደዳል፤ ቀኑ ግን የታወቀ ነው። ከ1875ቱ የካልካታ ኮንፈረንስ ወዲህ የመስመር ኩባንያዎች ዋጋቸውን በስምምነት መቁረጥ ያዙ። ጥቂት ቆይተውም ለደንበኛው ከከፈለው ላይ ተመላሽ ይሰጡት ጀመር፤ ተመላሹን የሚያገኘው ግን ለወራት ዕቃውን በሌላ መርከብ ካልጫነ ብቻ ነበር። ቅናሽ ይባል እንጂ ማሰሪያ ነበር።

እስከ 1950ዎቹ ድረስ ግን አንድ ነገር ተሸፍኖ ኖሯል። ነጋዴው ከፍሎ የሚጨቃጨቅበት የባሕር ማጓጓዣ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ምን ያህሉ ነበር? በ1954 ዋርየር የተባለች መርከብ ከብሩክሊን ወደ ጀርመኑ ብሬመርሃቨን ያደረገችውን ጉዞ አጥኚዎች ከሥር ከሥሩ ተከታትለው መዘገቡት። ይህን ጥናት ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ለኢኮኖሚ ታሪክ ከብዙ የጦርነት ዜና መዋዕል የበለጠ ዋጋ አለው። መርከቧ የጫነችው ወደ 5,000 ቶን ሲሆን፣ ይህ ጭነት 194,582 የተለያዩ ዕቃዎች ነበሩት፤ ሣጥን፣ ካርቶን፣ ከረጢት፣ በርሜል፣ ተሽከርካሪ። ዕቃው የመጣው ከ151 የአሜሪካ ከተሞች ነው። ለመጫን 6 ቀን ፈጀ፤ ከእነዚህም አንዱ በሥራ ማቆም አድማ ባከነ። ዕቃው እንዳይናወጥ ለእንጨትና ለገመድ ብቻ ከ5,000 ዶላር በላይ ወጣ። አትላንቲክን ለማቋረጥ 10 ቀን ተኩል ያህል በቃ። የመጀመሪያው ጭነት ወደ ብሩክሊን ከተላከበት ቀን አንሥቶ የመጨረሻው ዕቃ አውሮፓ ውስጥ ከባለቤቱ እጅ እስከገባበት ቀን ሲቆጠር ግን 95 ቀን ሆነ። የጠቅላላው ወጪ 237,577 ዶላር ነበር፤ የባሕር ጉዞው ድርሻ 11.5 በመቶ ብቻ ነው። በሁለቱ ወደቦች ለመጫንና ለማራገፍ የወጣው 36.8 በመቶ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1956፣ የጭነት መኪና ኩባንያ ባለቤት የነበረው ማልኮም ማክሊን አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ከኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን ላከ። ለውጡን ያመጣው የመርከብ ሰው ሳይሆን የመኪና ሰው መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዕቃውን ነጠላ በነጠላ መጫን በቶን ወደ 6 ዶላር ገደማ ይፈጅ በነበረበት ጊዜ፣ በኮንቴይነር ከ16 ሳንቲም ያነሰ ሆነ። የተቀነሰው ግን የሰው ጉልበት ነው። ከኒው ዮርክ እስከ ለንደን፣ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረው የጫኝና አውራጅ ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሰመ፤ በለንደን ከተማውን የሠሩት የጥንት የመርከብ ማራገፊያዎች ጭራሽ ተዘጉ። ርካሽ የተባለው ዋጋ በሌላ መዝገብ ላይ ተከፍሏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1964 ተቋቋመ። ገና በለጋነቱ፣ በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1975ም አልተከፈተም። በእነዚያ ዓመታት ከምጽዋና ከአሰብ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጭነት አፍሪካን መዞር ነበረበት፤ ስለዚህ ባሕሩ ምንም ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ግን የእኛ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ወደ የብሱ ዞረ። ጅቡቲ ደርሶ የተራገፈ ዕቃ ገና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በዩኒሞዳል ያስመጣ ነጋዴ የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ስለሚያበቃ መኪና ፈልጎ፣ የትራንዚት ሥራውን አስጨርሶ ማንሳቱ የራሱ ጉዳይ ነው። በመልቲሞዳል ደግሞ ዕቃው በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። የዋጋ ማቅረቢያውን የመጀመሪያ መስመር ብቻ ለሚያነብ ሰው ዩኒሞዳሉ ይረክሳል። የመጋዘን ኪራዩና ኮንቴይነሩ ዘግይቶ ሲመለስ የሚከፈለው ቅጣት ሲደመርበት ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

ሆኖም ኮንቴይነር ለሁሉም ጭነት መልስ ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። 50,000 ቶን ማዳበሪያ በኮንቴይነር ይምጣ ቢባል፣ በአንዱ 25 ቶን ቢጫን እንኳ 2,000 ኮንቴይነር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሙሉ መርከብ፣ በብትን ይመጣል፤ ወደብ ላይ በከረጢት ይሞላል። በቶን ሲሰላ ከዚህ የሚረክስ የለም። ነገር ግን የተከራየ መርከብ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ከቆመ ለእያንዳንዱ ቀን ቅጣት ይቆጥራል። ከ2015ቱ ድርቅ ማግሥት የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የተፈጠረው አጣብቂኝ በቅጣት ገንዘብ ብቻ የሚለካ አልነበረም። ስንዴው ለተራበ ሰው ነው፤ ማዳበሪያው ደግሞ የዘር ወቅት ካለፈ የሚቀጥለውን ዓመት ረሃብ ይጠራል። ለመኪናው ማን ይቅደም? መርከብ ሲከራዩ ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አይገኝም።

በወጪ ንግዱ በኩል ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ቡና 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19.2 ቶን መሆኑ ነው። የምናስገባው ከምናወጣው በብዙ ስለሚበልጥ፣ ከሞጆ ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚመለሰው ኮንቴይነር ብዙ ነው፤ ለባዶው ጉዞም የሚከፍል ሰው አለ። ቡናውን እዚሁ አሽጎ የሚልክ ላኪ ያንኑ ኮንቴይነር ይጠቀምበታል፤ ጆንያው ጅቡቲ ላይ እንደገና ከመኪና ወርዶ በሰው ትከሻ አይጫንም። ቡናውን በመኪና አውርዶ ወደቡ ላይ የሚያሽግ ላኪ ግን፣ ዋርየር ብሩክሊን ላይ የከፈለችውን ዓይነት ወጪ ዛሬም ይከፍላል።